ማስታወቂያው ላይ ላሞቹ የሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ጋዜጣ ግን አነባለሁ፣ ያውም ከኋላ ጀምሬ፤ መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ቀጥሎ ማስታወቂያውን፣ ፖለቲካው ቡናው ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ባለፈው ሳምንት ግን ከማስታወቂያው ገጽ ማለፍ አቃተኝ። አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር። ለሪዞርት፣ ለሎጅ፣ ለመዝናኛ እጅግ ምቹ የሆነ የከብት እርባታ ቦታ ይሸጣል። ድርድር አለው።» ከሥሯ ስልክ ቁጥር። አለቀ።

ቦታውን አውቀዋለሁ። ስልኩንም አውቀዋለሁ፣ የደላላው ነው። ላሞቹን ደግሞ ከደላላውም ከገዥውም በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ በእኔ እጅ የተፀነሱ ናቸውና። ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የኮርማ ዘር ይዤ እየዞርኩ ላም የማስረግዝ አዳቃይ ነበርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ዘሩ በርዶ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ታንክ ሞተር ሳይክል ላይ አስሬ፣ ክረምት ጭቃ እየገፋሁ፣ በጋ አቧራ እየቃምኩ ዞሬያለሁ፤ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ያልገባሁበት በረት የለም። ታንኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ክዳኑን ስከፍት ነጭ ጭስ ቡልቅ ይላል፣ የሰፈር ልጆችም «ጋሼ፣ ውስጡ እሳት አለ እንዴ?» እያሉ ይከቡኝ ነበር። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሞተሩ ግን አለ።

ቅሬታዬ አጭር ነው። የወተት እርሻ ይሸጣል ተብሎ ስለ ወተት አንድ ቃል የለም። ስንት ላም ይታለባል? ስንት ሊትር? ሳሩ ምን ዓይነት ነው? በጋውን ይዘልቃል? ማን ያልባል? ምንም። ጠጅ ቤት ይሸጣል ብሎ ብርሌውን ቆጥሮ ጠጅ ጣይዋን እንደመርሳት ነው። እዚያው ገጽ ላይ፣ ከዚችው ማስታወቂያ አጠገብ፣ አንዲት ቪትዝ መኪና ነበረች። ሞዴሏ ተጽፏል፣ የሄደችው ኪሎ ሜትር ተጽፏል፣ አራቱም ጎማ አዲስ መሆኑ ሳይቀር ተጽፏል። አሥራ አራት የሚታለቡ ላሞች ያሉት እርሻ ግን «ቦታ» ተባለ።

እስኪ እኔ ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ውሃው የሚወርድ መሬት ነው። ማታ ማታ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስትገባ እውነትም ታምራለች፣ ደላላው የሚሸጠውም እሷኑ ነው። እኔ ግን እዚያ ግቢ ስገባ የማየው ወደ ታች፣ ወደ እግሬ ነው። ወደ ውሃው ያለው ሳር ራሱ የበቀለ ሰርዶ ነው፤ ላም ብትረግጠው፣ ብትግጠው፣ ብትተኛበት የማይሞት ጉደኛ ሳር። ከፍ ያለው መሬት ላይ ሮደስ የሚባል የመኖ ሳር ተዘርቷል። ዳር ዳሩን ዝሆኔ ሳር አለ፣ እሱ እየታጨደ ለክፉ ቀን የሚሆን ነው። መሬቱ በእንጨትና በሽቦ አሥራ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ላሞቹ ዛሬ እዚህ ናቸው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቀጥሎ ባለው። የበሉበት ክፍል ክረምት ላይ ሦስት ሳምንት ይተኛል፣ በጋ ላይ ደግሞ ዝሆኔ ሳርና ድርቆሽ እየተጨመረላቸው ከዚያ በላይ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ዕረፍት ላይ ነው። ሳር ከተጋጠ በኋላ መጀመሪያ የሚያወጣት ቅጠል ከታች ባጠራቀመው ስንቅ የምትወጣ ናት። ያቺ ቅጠል ገና ጨቅላ እያለች ላሟ ተመልሳ ከጋጠቻት ስንቁ ያልቃል፣ ሥሩ ያጥራል፣ በሁለት በሦስት ዓመት የምታዩት አፈር ብቻ ነው። የወል ግጦሻችን ራሰ በራ የሆነው በዚህ ነው እንጂ ሳሩ ጠልቶን አይደለም። እዚህ እርሻ ላይ ግን በየካቲት፣ አገሩ ሁሉ ሲያር፣ ከታች ያለው ሰርዶ አረንጓዴ ነው፤ የሐይቁ እርጥበት ከሥር ስለሚደርሰው። ሐይቅ ዳር መሆን ለላም ያለው ጥቅም ይኼ ነው። ለእሷ ዕይታ ምኗም አይደለም።

ሒሳቡንም ልንገራችሁ፣ ሒሳብ የማይወድ ይዝለለው። 450 ኪሎ የምትመዝን የተዳቀለች ላም ውሃው ተቀንሶ በቀን 13 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። እርጥብ ሳር ደግሞ ከአምስት እጁ አራቱ ውሃ ነው። እንግዲህ በእርጥብ ሳር ብቻ እናጥግባት ብትሉ በቀን 65 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። አሥራ አራት ሲሆኑ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። በየቀኑ አንድ ቶን ሳር አጭዶ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ ጋጥ ድረስ ማድረስ የስንት ሰው ወገብ ነው? እዚህ ግን ላሟ በገዛ እግሯ ሄዳ ታጭደዋለች። እበቱንም እዚያው ትበትነዋለች። ደሞዝ አትጠይቅም።

እውነቱን ለመናገር፣ ታስራ ፉርሽካና ፋጉሎ የምትቀለበው ላም በነፍስ ወከፍ የበለጠ ታልባለች። ይህን መካድ አልችልም። የአገራችን ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው የምትሰጠው፣ የተዳቀለችዋ ደህና ከተያዘች አሥርም ከዚያም በላይ ትደርሳለች፣ ለዚያ ደግሞ ሳር ብቻውን አይበቃም፣ ሲታለቡ የሚወረወርላቸው ነገር ያስፈልጋል። እትዬም (የእርሻው ባለቤት ማለቴ ነው) ጠዋትና ማታ ትንሽ ፉርሽካ ትጨምራለች። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ የፉርሽካ ዋጋ በወጣ ቁጥር ከተማ ውስጥ አስረው የሚቀልቡት ሰዎች ላም ይሸጣሉ፣ እትዬ ግን ፉርሽካውን ትቀንሳለች። የወተት ወጪ ከግማሽ በላዩ መኖ ነው። መኖውን ከራስ መሬት የሚያገኝ ሰው ወተቱ ጥቂት ሊትር ቢያንስበትም ሌሊት ይተኛል። ስንቱን ላም ሻጭ ፊት አይቻለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ላሟ አይሱዙ ላይ ስትጫን ላለማየት ስልኩን የሚነካካ።

አሁን ደግሞ ክፉ ክፉውን። ሐይቅ ዳር ገነት አይደለም። እርጥብ መሬት ላይ ቀንድ አውጣ አለ፣ ቀንድ አውጣ ካለ የጉበት ትል አለ። ትሉ ሳሩ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃታል። ላሟ ትከሳለች፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ ከአገጯ ሥር ታብጣለች፣ ወተቷ ይወርዳል፣ ባለቤቱ ቡዳ በላት ይላል። መድኃኒት በጊዜው የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። ክረምት ላይ ጭቃው ሰኮናን ያበሰብሳል። አልቅትም አይጠፋም። ጉማሬዎቹም አሉ! ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ተኝተው ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ሌሊት ወጥተው ሳር ይግጣሉ። አንድ ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሳር ይበላል፣ ኪራይ ሳይከፍል። እትዬ «የእኔ እንግዶች» ትላቸዋለች። ሪዞርት የሚሠራው ሰውዬ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው እናያለን።

ከሁሉ የባሰው ውሃው ራሱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ አለው እንጂ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በከተማው በኩል የአፈር ግድብ የተሠራው ወዶ አይደለም፣ ሐይቁ ወደ እኛ እንዳይመጣ ነው። እዚህ እርሻ ላይም የድሮው አጥር እንጨቶች ዛሬ ውሃ ውስጥ ቆመው ወፍ ያርፍባቸዋል። ገዥ ሆይ፣ ካርታው ላይ የምታየው ሳር ሁሉ መሬት ላይ የለም። ሜትርህን ይዘህ ሂድ። መውጫ የለውም ማለት ደግሞ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው፤ እበትም ይሁን የሎጅ ሽንት ቤት። እትዬ ላይ ስንት ጊዜ ጮኬያለሁ፣ የጋጡን እጣቢ ወደ ታች አትልቀቂ፣ ጉድጓድ አስቆፍሪ ብዬ። አስቆፈረች። ከሦስት ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ።

ወደ «ይሸጣል» የምትለዋ ቃል ልምጣ። ምን ይሸጣል? መሬቱ አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ጀምሮ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ይህን ደላላው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የሚሸጠው በላዩ ላይ ያለው ነው፤ ቤቱ፣ ጋጡ፣ አጥሩ፣ ጉድጓዱ፣ ላሞቹ። የመጠቀም መብቱ የሚተላለፈው በመሬት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፣ የተሰጠውም ለአንድ ሥራ ነው። ለወተት የተሰጠ መሬት ገዥው ስለፈለገ ብቻ በማግሥቱ ሎጅ አይሆንም፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ጊዜም አለው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለከተማ ግብርና ያስቀመጠው ጣሪያ 15 ዓመት ነው። 15 ዓመት ለላም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዛሬ አዳቅዬ የምትወለደው ጥጃ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላት ትወልዳለች። የልጇን ልጅ ወተት ቀምሰህ ጥሩ መንጋ አገኘሁ ስትል ውሉ ግማሽ ደርሷል። ገንዘብ ያለው ሰው ሐይቅ ዳር ላይ ከሳር ይልቅ ኮንክሪት ቢታየው አልፈርድበትም። የሚፈረደው ማስታወቂያው ላይ ነው፤ ለገዥው ምን ያህል ዓመት እንደቀረ፣ ለምን ሥራ እንደተሰጠ አልነገረውም። ይህን ያልጠየቀ ገዥ ፀሐይ መጥለቂያ ገዝቶ ይቀራል።

የእህቴ ልጅ ኒውዚላንድ ነው የሚኖረው። በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል፣ ላም ባየ ቁጥር አጎቱን ስለሚያስታውስ። አንድ ጊዜ እዚያ የሚሸጥ፣ ባሕር ዳር ያለ የወተት እርሻ ማስታወቂያ ላከልኝና አስተረጎምኩት። ወንድሞቼ፣ ማስታወቂያ ማለት ያ ነው! ስንት ሄክታር፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በትክክል የሚጋጥ፣ ስንት ላም፣ በዓመት ምን ያህል ዝናብ፣ አፈሩ ምን ዓይነት፣ ማለቢያ ቤቱ በአንድ ጊዜ ስንት ላም ያስገባል፣ እጣቢው ወዴት ይሄዳል፣ ፈቃዱ እስከ መቼ ነው። ወተቱንም በሊትር አይቆጥሩትም። በውስጡ ያለውን ቅባትና ፕሮቲን በኪሎ መዝነው ነው የሚሸጡት፣ ውሃ ጨምሮ ማታለል ብሎ ነገር እዚያ ትርፍ የለውም። (ይህን ለአንዳንድ ወተት አመላላሾቻችን ባነብላቸው ደስ ይለኝ ነበር።) ላሞቹ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ናቸው፣ ባሕሩ ብርዱን ስለሚያለዝበው ሳሩ ክረምትም አይሞትም። ነፋሱ ጨው ይዞ ስለሚመጣ በዛፍ አጥር ይከላከሉታል። የወሊድ ጊዜያቸውን እንኳን ከሳሩ ጋር አጋጥመውታል፤ ሳሩ ሊፈነዳ ሲል ሁሉም ላም አንድ ላይ ይወልዳል። ባሕሩ የተጠቀሰው የት ላይ መሰላችሁ? መጨረሻው መስመር ላይ። «ዓሣ ለማጥመድም ይመቻል» ብሎ።

ደግሞ አንድ ነገር ነገረኝ። እዚያ በየዓመቱ ሰኔ 1፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የወተት ሰዎች ውላቸው አልቆ ከእርሻ እርሻ የሚዛወሩበት ቀን ነው። መሬት የሌለው፣ ላም ብቻ ያለው ሰው መንጋውን ይዞ ወደ ሌላ ሰው መሬት ይገባል፣ ወተቱን ይካፈላሉ። ባለቤት ሲደክመው እርሻው አይሞትም። የእኛ አገር ሰው የእኩል እርቢ የሚለው ነገር ነው እኮ! ላም ለጎረቤት ሰጥቶ ጥጃ መካፈል። እነሱ አስፋፍተው ውል አደረጉት፣ እኛ ተውነው።

ወደ እትዬ ልመለስ፣ ሰዉ እንዳያማት። ስግብግብ ሆና አይደለም የምትሸጠው። ባሏ ሞቷል። እሱ ነበር ሳሩን የዘራው፣ እዚሁ ከተማችን ካለው እርሻ ኮሌጅ ዘሩን በኪሱ እየያዘ። ልጆቿ አሜሪካ ናቸው፣ «እማዬ ሸጠሽ ነይ» ይሏታል። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ወጣት ሠራተኛ አይገኝም፤ ወንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሴቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትገባለች። በሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ ላም ጡት ሥር የሚቀመጥ ማን አለ? የቀረው አንድ አላቢ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብሯት ሠርቷል። ሲያልብ ያንጎራጉራል፣ ላሞቹ ወተታቸውን የሚለቁት ለእሱ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሲይዛቸው ይቋጥራሉ። ተረት እንዳይመስላችሁ፣ ላም ከፈራች ወተቷን አትለቅም፣ በትምህርት ቤትም የተማርነው ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁ ዕለት ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቅቤ ታነጥራለች።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ጋዜጣውን ሰጠኋት።

«መነጽሬን አምጣልኝ» አለች። አነበበች። «ምነው? ሐይቅ ዳር መሆኑን ጽፏል።»

«ላሞቹስ?»

ዝም አለች። ቅቤውን አማሰለች። «ደላላው ላሞቹን ገዥ አይፈልጋቸውም አለኝ። ልኳንዳ ይወስዳቸዋል አለ።»

«ሻሼንም? ያረገዘችውን?»

«እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ? አንተ ትወስዳታለህ?»

መልስ አልነበረኝም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ግቢ የሚወጣው ወተት የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሦስት ሻይ ቤት አለ። የሰፈሩ እናቶች ፕላስቲክ ጆግ ይዘው በር ላይ ይሰለፋሉ። የተረፈው እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ተንጦ ቅቤ፣ አሬራው አይብ። አዲስ አበባ ያሉ ወተት ሻጮች በሁዳዴ 55 ቀን እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ሐዋሳ ላይ ግን ጾሙን የማይጾመው ፕሮቴስታንት ብዙ ስለሆነ ገበያው እንደዚያ አይወድቅም። ይህም ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ነበረበት፣ ለገዥ ትልቅ ነገር ነው። ቅቤው ደግሞ በሲዳማ ምድር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ ያለ ቅቤ ምን ይሆናል? በ2008 ዩኔስኮ የመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ እንኳን ዋዜማው የሚከበረው በቆጮ፣ በወተትና በቅቤ ነው። መንግሥት ከ2015 ጀምሮ የሌማት ትሩፋት እያለ ወተት አምርቱ ይለናል፣ በየስብሰባው ወተት ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል። እዚህ ደግሞ የሚታለብ እርሻ በአንድ ደላላ ብዕር «ቦታ» ሆኖ ያልቃል። ሎጁ ይሠራል። እንግዳው ቁርስ ላይ ማኪያቶ ያዛል። ማኪያቶው ከውጭ በመጣ የዱቄት ወተት ይፈላል። የሚቀመጠውም ሻሼ ትግጥበት የነበረው ሰርዶ ላይ ነው፣ ያውም ዣንጥላ ተተክሎለት።

ሎጅ አይሠራ አላልኩም። ከላይ፣ ከመንገዱ አጠገብ ያለው መሬት ለግጦሽ አይረባም፣ ድንጋያማ ነው። አሥር ክፍል ይሥራበት። እንግዳው ጠዋት ተነስቶ ላም ሲታለብ ቢያይ፣ በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ ያደረ እርጎ ቢቀምስ ከዚህ በላይ ምን መዝናኛ አለ? ግን ይህን የሚያስብ ገዥ እንዲመጣ መጀመሪያ ላሞች እንዳሉ ማወቅ አለበት።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ አንድ የራሴን ቅሌት ልንገረው። ጡረታ ልወጣ ስል ከወንድሜ ጋር ሁለት ላም ገዛን፣ ለእሱ ግቢ። ከገበያ ነበር። አንዷ ጡቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ሻጩ «15 ሊትር» አለ። እኔ፣ ሃያ ዓመት ላም ሥር የኖርኩት ሰው፣ አመንኩት። ቤት ወስደን ያን ቀን ታለበች፣ እውነትም ሞላች። በማግሥቱ ስድስት ሊትር። ለካ ሻጩ ማታም ጠዋትም ሳያልባት ነው ገበያ ያወጣት። ወንድሜ እስከ ዛሬ ሲያየኝ «ባለሙያው» ይለኛል። ስለዚህ ላም በዓይን አይገዛም። ማታ ቆመህ አሳልባት፣ ጠዋት አሳልባት፣ ደግመህ ማታ። ከዚያ ዋጋ ተናገር። የሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ ምርመራ ሳይደረግ መንጋ አትግዛ፣ የተዳቀሉ ላሞች አንድ ጋጥ ውስጥ ሲኖሩ ነቀርሳው ይዛመታል፣ ለሰውም ይተርፋል። ደብተሩን ጠይቅ። እትዬ ደብተር አላት፣ ባሏ ያስለመዳት፣ ያዳቀልኩበት ቀን ሁሉ በእኔ እጅ ጽሑፍ አለበት። ሳሩን ለማየት ደግሞ በነሐሴ አትሂድ፣ በነሐሴ ሁሉም መሬት ያምራል። በየካቲት ሂድ።

እናንተ ዝግጅት ክፍሎችም ማስታወቂያ ስትቀበሉ ቪትዟን የምትጠይቁትን ያህል ላሟን ጠይቁልን። ክፍያው በመስመር ከሆነ እኔ ከጡረታዬ እከፍላለሁ። ለሚቀጥለው እትም ይህንን አውጡልኝ፣ እትዬም አይታዋለች፣ «ስሜን ብቻ እንዳታወጣ» ብላለች፦

«ሐዋሳ አጠገብ እየሠራ ያለ የወተት እርሻ ከነመንጋው ይተላለፋል። 14 የሚታለቡ፣ 5 የነጠፉ፣ 7 ጊደሮች፣ ጥጆች። የቦረናና የሆልስታይን ዲቃላ፣ ጥቂት ጀርሲ። በአሥራ ሁለት የተከፈለ የሰርዶና የሮደስ ግጦሽ፣ ከታች በኩል በጋም አረንጓዴ። ጉድጓድ ውሃ አለው። የጉበት ትል ስላለ መድኃኒት በጊዜው መስጠት ያስፈልጋል። ጉማሬ አለ። ሐይቁ ከአጥሩ አልፏል፣ መሬቱ ይለካ። የቀረውን የውል ዘመን ከጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራ አላቢ አለ፣ ደሞዙ ካልተቀነሰ ይቆያል። ደብተር አለ። እየታለበ ማየት ይቻላል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ። በእኩል ለመሥራት የሚፈልግም ቢመጣ እንነጋገራለን።»

መጨረሻው መስመር ላይ ቦታ ከተረፈ ሐይቅ ዳር መሆኑን ጨምሩበት።

አንድ ነገር ረስቼ። ሻሼን ያዳቀልኳት ሚያዝያ 10 ነው፣ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ታይታ ማታ ደረስኩ። ጥር 18 አካባቢ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ስለሆነ ጥጃው እንዳይከብዳት ብዬ ጀርሲ የሚባለውን የትንሽ ዝርያ ኮርማ ዘር ነው የተጠቀምኩት፤ ይሁን እንጂ ዳሌዋ ጠበብ ያለ ነው፣ ብቻዋን እንዳትተው። ገዥው ማንም ይሁን ማን፣ ሌሊት ቢሆንም ይደውልልኝ። ቁጥሬ ደብተሩ ሽፋን ላይ አለ።

ጡረተኛ አዳቃይ፣
ከሐዋሳ